ለአፍንጫዬ የተጾመ ጾም

አፍንጫዬ ከተዘጋ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሲጀምር ጉንፋን ነበር፤ ጉንፋኑ ሄደ፣ መዘጋቱ ቀረ። አንዳንድ ቀን ቀኙ ይብሳል፣ አንዳንድ ቀን ግራው። ሁለቱ ተስማምተው አብረው የሚከፈቱበት ቀን ግን የለም። የምተነፍሰው በአፌ ነው። ጠዋት ስነሳ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል፣ ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል፣ ግንባሬ ላይ ድንጋይ የተጫነብኝ ያህል ይከብደኛል። ይህን የሚያህል ነገር ይህችን በምታህል ቀዳዳ የተነሳ ይደርስብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያ በኩል፣ ምግብ ቤት አለኝ። የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ የከብት ነጋዴዎች፣ ሱቅ ያላቸው ያገሬ ሰዎች ይበሉበታል። አዲስ የመጣ ሁሉ ድምፄን ሲሰማ «ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?» ይላል። መጀመሪያ መጀመሪያ በትዕግሥት አስረዳ ነበር። በኋላ ትዕግሥቴ አለቀ። አንድ ወፍራም ነጋዴ በሳምንት ሦስቴ ቢጠይቀኝ፣ ሰው ፊት «አንተስ ያ ቦርጭህ መቼ ነው የሚገባልህ?» አልኩት። ተነስቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። ወሬው በከተማው ተናኘ፣ ከዚያ በኋላ እኔ ቤት አፍንጫ የሚባል ነገር የሚያነሳ ጠፋ። እኔም ደስ አለኝ። ያን ጊዜ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ያልሞከርኩት ነገር የለም። ከኬሚስት የምገዛት ጠብታ መጀመሪያ ሰሞን በደንብ ከፈተችልኝና ከኪሴ የማትለይ ሆነች። ቆይታ ለግማሽ ቀን፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት፣ በመጨረሻ ለአፍታ ብቻ መክፈት ጀመረች። ኋላ አንድ ሐኪም «አሁን እየዘጋሽ ያለው እሱ ራሱ ጠብታው ነው» ብሎ ቀማኝ። ሌላው ሐኪም አለርጂ ነው አለና «ከአቧራ ራቂ» ብሎ አዘዘኝ። ሞያሌ ላይ ተቀምጦ! ከጎልቦ ቆላ በኩል ነፋስ ሲነሳ አልጋዬ ላይ በጣት መጻፍ ይቻላል። ወሰን ተሻግሬ ወደ ኢትዮጵያ በኩል ሄድኩ፤ ሳይነስ ነው ተባልኩና አሥር ቀን መርፌ ተወጋሁ። ዳማከሴ ጨምቄ አድርጌያለሁ። በባሕር ዛፍ ቅጠል ስታጠን ጉንጬን ተቃጥያለሁ። ጸበል ተጠምቄያለሁ። ከቡቲዬ መንደር በየጠዋቱ የግመል ወተት የምታመጣልኝ ሴት እንኳ የወተት ዕቃዋን የምታጥንበትን እንጨት አምጥታ በጭሱ ላይ ደፍታኛለች። ዓይኔ አለቀሰ፣ አፍንጫዬ ንቅንቅ አላለም። «ፖሌ» አለችኝ፣ አይዞሽ ማለቷ ነው፤ እንጨቷን ይዛ ሄደች።

በመጨረሻ ናይሮቢ ሄጄ ኦፕሬሽን ሆንኩ። ሥጋ በቅሎበታል ብለው ቆርጠው አወጡት። አፍንጫዬ ውስጥ የተጠቀጠቀው ጨርቅ የወጣልኝ ቀን የሳብኩትን አየር እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር፣ እስከ ጭንቅላቴ ደረሰ። ወደ ቤቴ ስመለስ የገዛ ወጥ ቤቴ እንደሚሸት አወቅሁ። የዕቃ ማጠቢያው ቦይ ገምቷል፣ ድንቹ ጥግ ላይ በስብሷል። ወጥ ሠሪዬን እየሳቅሁ ተቆጣኋት፣ እሷም እየሳቀች ጠረገችው። ሦስት ወር እንዲህ ኖርኩ። በአራተኛው ወር ቀኙ ተዘጋ፣ ወዲያው ግራው ተከተለ። ሐኪሙ ጋ ስደውል «አንዳንድ ሰው ላይ ተመልሶ ይበቅላል፣ ነይና እናየዋለን» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አልሄድኩም።

ምግብ ቤት ላላት ሴት ከአፍንጫው ጋር የሚሄደው ነገር ይብሳል። ጣዕም አብሮ ይሄዳል። ጨውና በርበሬ ይታወቁኛል፤ ሌላው ሁሉ ያው ትኩስ ጭቃ ነው። የምሠራው በልማድ ነበር። ቀማሿ ወጥ ሠሪዬ ናት፤ አሽታቿ እናቴ።

እናቴ አባቴ ከሞተ በኋላ ካገር ቤት መጥታ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው፣ ከወጥ ቤቱ በስተጀርባ ባለችው ክፍል። ሁለታችን ብቻ ነን። ዓይኗ ደክሟል፣ አፍንጫዋ ግን ያው የድሮው ነበር። ከክፍሏ ሳትወጣ «ሽንኩርቱ ሊያርርብሽ ነው!» ትለኛለች። የምንግባባው እንዲህ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የጽጌ ጾም ሊገባ ሲል፣ ጠራችኝና «ልጾምልሽ ነው» አለችኝ። የጽጌ ጾም እንደ ዐቢይ ጾም በሁሉም ሰው ላይ የተጣለ አይደለም፤ የፈለገ ነው የሚጾመው። እሷ አርባውን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትጾም፣ አፍንጫዬ ከተከፈተ ደግሞ ለማርያም ጥላ ልታስገባ ተስላለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጨጓራሽን ረሳሽው?» አልኳት።

«አፍንጫሽ መዘጋቱ አይበቃም፣ አፌን ልትዘጊው ነው ደግሞ?» አለች።

ምን ይባላል? ምግቧን ግን ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው ወሰንኩ። ወቅቱ ቤቱ ሁሉ የሚጾምበት ስላልሆነ ወጥ ቤታችን ቅቤ በቅቤ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ቅቤ አይረጋም። ሙቀቱ ነጥሮ የተቀመጠውን ቅቤ ውሃ አድርጎ ያኖረዋል፤ ዘይቱም ቅቤውም በተመሳሳይ ቢጫ ጀሪካን ነው የሚቀመጡት፣ መልካቸውም አንድ ነው። ሌላ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ያሸትታል። እኔ ግን ለመለየት የቅቤውን ጀሪካን እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ ነበር። በጾሙ ዋዜማ ጨርቁ መሬት ወድቆ አገኘሁት። ወጥ ሠሪዬ ያን ቀን አልገባችም። ይሄ ነው ብዬ አንዱ ላይ መልሼ አሰርኩት፤ ከሌላው ጀሪካን ደግሞ ለእናቴ ብቻ የሚሆን ሁለት ሊትር ጠርሙስ ሞልቼ ለብቻው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ።

በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮዋን ወይም ምስሯን ሠርቼ እወስድላታለሁ። «አስቀምጪልኝ፣ ጸሎቴን ልጨርስ» ትለኛለች። ቆይቼ ስመለስ ሳህኑ ተጠርጎ አገኘዋለሁ። ደስ ይለኛል። ብቻ ቀኑ በጨመረ ቁጥር እናቴ እየቀለለች ሄደች። ቀሚሷ ሰፋባት፣ ከአልጋዋ ስትነሳ ግድግዳ መያዝ ጀመረች። ዕድሜ ነው፣ ጾም ነው እያልኩ ሽሮዋ ላይ ከጠርሙሱ ጨመር ጨመር አደርግላታለሁ፤ ጉልበት እንዲሰጣት።

ሃያ ዘጠነኛው ቀን ላይ ዝናብ መጣ። ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋት ሞያሌ ባልለመደችው ብርድ ነቃች፤ ሰው ሁሉ ጋቢና ጃኬት ደርቦ ወጣ። ወጥ ቤት ገብቼ የእናቴን ጠርሙስ ሳነሳ ከበደኝ። ገለበጥኩት፤ አልወረደም። ግማሹ ነጭ ሆኖ ረግቷል። የሱፍ ዘይት እንደዚህ አይረጋም። ጣቴን ከትቼ ቀመስኩ፤ ለእኔ ምንም ነው። ወጥ ሠሪዬን ጠርቼ አፍንጫዋ ሥር አቀረብኩላት።

«ቅቤ ነው» አለች። «ኮረሪማው ራሱ ይሸታል።»

ቀዩን ጨርቅ ነክታው እንደሆን ጠየቅኋት። ዓይኗን ሰበረች። ጾሙ በገባ ማግስት ጨርቁ ዘይቱ ላይ ታስሮ አግኝታ፣ ዝም ብላ ወደ ቅቤው አዛውራው ኖሯል። ጠርሙሱን መሙላቴን አላወቀችም።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮኽኩ።

«እትዬ፣ ስለ አፍንጫሽ ማን ደፍሮ ይነግርሻል?» አለች።

ቁጣዬን ሁሉ ይዤ ቆምኩ፣ የማደርግበት ሰው ግን ከራሴ በቀር አልነበረም። እናቴ ለእኔ ብላ የተሳለችውን ጾም በገዛ እጄ ሃያ ስምንት ቀን አስገድፌአታለሁ። ለዚያውም ጉልበት ይስጣት እያልኩ፣ ጨመር እያደረግሁ።

ቀኑን ሙሉ መንገር አቃተኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ አዲስ ዘይት ከሱቅ አስገዝቼ፣ ክዳኑን ራሴ ፈትቼ፣ ሽሮ ሠራሁና ወሰድኩላት። እንደ ሁልጊዜው «አስቀምጪልኝ» አለች። አስቀምጬ ወጣሁ። ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ ድፍረት ስሰበስብ ጥቂት ቆየሁና፣ ልናዘዝላት ተመለስኩ።

የወተቷ ሴት በጓሮው በር ቆማለች። ከሰዓት በኋላ ባዶ ዕቃዎቿን ልትሰበስብ የምትመጣበት ሰዓት ነው። እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ቀና ሳትል ትበላለች። እንደዚያ ስትበላ አይቼ አላውቅም፤ ጣቶቿን ትልስ ነበር።

የወተቷ ሴት ስታየኝ ደነገጠች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቅ አለች። «ሌኦ ማማ ራሷ በላች» አለችኝ። ሌኦ ማለት ዛሬ ነው። «ዛሬ ለእኔ የለም። ደግ ነው፣ ትብላ፣ ትብላ።» ዕቃዎቿን አንጠልጥላ ሄደች።

ለካ ያን ሁሉ ቀን ሳህኑን ስትጠርግልኝ የነበረችው እሷ ናት። እናቴ ምግቤን አንድም ቀን አልቀመሰችም።

«ምን ስትበይ ከረምሽ?» አልኳት።

«ዳቦ በሻይ» አለች። «ከመጀመሪያው ቀን ሸቶኛል፣ ልጄ። ሳህኑ በሩን ሳያልፍ ነው የሸተተኝ።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«ምን ልበልሽ? ያቺ ያለሽ ሙያሽ ናት። ቅቤና ዘይት መለየት አቃተሽ ልበልሽ? ደግሞ ትቆጪያለሽ።»

እግሯ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ራሴን እየዳበሰች «አልገደፍኩም እኮ፣ ምን ያስለቅስሻል?» ትላለች። እሷን ያሳሰባት ጾሙ ነበር። እኔ የማየው ቀጭን እጇን ነው።

የቀሩትን ቀናት ከእኔ እጅ በላች፤ ጠርሙሱን በየቀኑ ራሷ እያሸተተች። ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ሐኪም ቤት ወስጄያት ደሟ በጣም አንሷል፣ ካሁን በኋላ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ መብላት አለባት አሉኝ። ጾሙ እስኪፈታ በጭንቀት ቀን ቆጠርኩ። የቁስቋም ዕለት እንቁላል በቅቤ ሠርቼ አቀረብኩላት። ሳህኑን በእጇ ገፋችው።

«ተከፈተልሽ?» አለችኝ።

ሳህኑን መልሼ ወደ እሷ ገፋሁላት።

«እንግዲያውስ አልፈታም። ከነቢያት ጾም ጋር አገናኘዋለሁ።»

የነቢያት ጾም እስከ ገና ድረስ ነው። እንዲህ ከጾመች እስከ ገና እንደማትደርስ እንደ ሐኪሙ እኔም አውቅ ነበር። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ ደግሞ ለመንኳት። እንደ ድንጋይ ሆነችብኝ። እዚያው ቆሜ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ተከፍቷል እማዬ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነው። እንዳይዘጋ ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ።»

የደከመ ዓይኗን ፊቴ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀጭን እልልታ አሰማችና ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። በላች። ቁጭ ብዬ እስክትጨርስ አየኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ውሸት ጣፍጦኝ አያውቅም።

ያልታሰበኝ ስለቱ ነው። የሰመረ ስለት ሳይገባ አይቀመጥም። በሦስተኛው ቀን ከሻሸመኔ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ አስጠርታ፣ ዘርፍ ያለው ቀይ የሐር ጥላ አዘዘች። «ትንሽ ይቆይ፣ እስክትጠነክሪ» ብላት «ስለት ይቆያል እንዴ?» አለችኝ። ጥላው መጣ። ኅዳር ጽዮን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ሆነ፤ ወሰኑን ተሻግረን፣ ኢትዮጵያ በኩል።

እስከ ኬላው በባጃጅ ሄድን። ከዚያ በእጄ ደግፌያት በእግር ተሻገርን። ኬላው ላይ የቆመው ፖሊስ «ፖሌ ፖሌ፣ ማማ» እያለ፣ ቀስ በይ እያለ፣ መንገድ ለቀቀልን። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጢም ብሏል። ስለት የሚያስገቡ ሰዎች ተራ ይዘው ቆመዋል፤ ማርያም ልጅ የሰጠቻቸው፣ ከእስር የፈታችላቸው። ለእያንዳንዱ ምን እንደተደረገለት በድምፅ ማጉያ ይነገራል፣ ሕዝቡ እልል ይላል። የእኛ ተራ ሲደርስ እናቴ ለዲያቆኑ በጆሮው ነገረችው።

«ስድስት ዓመት ሙሉ አፍንጫዋ ተዘግቶ በሰው አገር ሐኪም ያልፈታላትን እኅታችንን፣ እመቤታችን ፈውሳታለች!» አለ።

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል። የተፈወሰች ሴት አፏን ከፍታ አትተነፍስም። አፌን ገጠምኩ። እልልታው አያልቅም፤ ደረቴ ተቃጠለ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። አጠገቤ የነበረች ሴት እንባዬን አይታ አቀፈችኝና «አልቅሺ፣ አልቅሺ፣ የደስታ ነው» አለችኝ። ፊቴን ትከሻዋ ውስጥ ቀብሬ አፌን ከፈትኩ። እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ስንመለስ እናቴ ደከማትና ከኬላው መለስ ብሎ ያለ ድንጋይ ላይ አሳረፍኳት። ውሸቱን ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። «አልተከፈተም።»

«አውቃለሁ» አለች፤ የነጠላዋን ጫፍ እያስተካከለች። «ስታወሪ አይሰማኝም እንዴ? ያው ነሽ።»

«ታዲያ እንቁላሉን ለምን በላሽ?»

«ርቦኝ ነበራ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ አለቀ። «ፊትሽንም አየሁት። እኔ ባልበላ አንቺ ልትሞቺ ነበር።»

«ጥላውንስ? በእግዚአብሔር ቤት፣ ሰው ሁሉ ፊት?»

በኬላው በኩል የሚያልፉትን መኪኖች ታይ ነበር፣ ወይም ድምፃቸውን ትሰማ ነበር።

«እሱ የሚከፈት ጊዜ እኔ አልኖርም፣ ልጄ» አለች። «አንቺ ደግሞ ቁጡ ነሽ፣ ስለት አታስገቢም። ቀድሜ አስገባሁት። የኔን ጨርሻለሁ።»

ዐቢይ ጾም ሳይፈታ ሞተች። ወጥ ሠሪዬና የወተቷ ሴት ናቸው ከእኔ ጋር የገነዟት፤ የወተቷ ሴት ሃይማኖቷ ሌላ ነው፣ ግን ከገነዝናት በኋላም አልሄድም ብላ በሩ ላይ ተቀመጠች። ለቅሶው ላይ ኅዳር ጽዮን ዕለት ግቢው ውስጥ የነበሩ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ተራ በተራ እየመጡ ያጽናኑኛል፣ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው።

«ያንቺን መዳን ሳታይ አልሄደችም። ተመስገን በይ።»

እያንዳንዷን ቀና ብዬ አይቼ «ተመስገን» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህች ከተማ የተፈወሰች ሴት ሆኜ እኖራለሁ።